በሰው ዓይን የታየ ጨዋታ

እግር ኳስ የሚካሄደው በሜዳ ላይ ቢሆንም፣ ለብዙው ተመልካች የሚደርሰው በሌላ ሰው ዓይንና አንደበት በኩል ነው። ካሜራው የሚቆምበት ሥፍራ፣ ተደግሞ የሚታየው ምስል፣ ተራኪው የሚያነሣውና የሚያልፈው ጉዳይ ሁሉ የምርጫ ውጤት ነው። ምርጫ ባለበት ደግሞ አመለካከት አለ። ስለሆነም የግጥሚያው ውጤት የስፖርት ጋዜጠኛው ድርሻ ቢሆንም፣ አቀራረቡ ግን የኪነ ጥበብ ሒስ ጉዳይ ነው።

የሐረር ሰው የመቀመጫን ትርጉም አሳምሮ ያውቃል። በጌ ጋር፣ ማለትም በጥንታዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ። አሚር ነደባ፣ ጊድር ነደባ፣ ጢት ነደባ እየተባሉ መጠራታቸው በከንቱ አይደለም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በክብርና በዕድሜ የተወሰነ ነው፤ እያንዳንዱም ቤቱን የሚያየው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ዛሬ በዚህችው ከተማ፣ በጁገል ቅጥር ውስጥም ሆነ ከቅጥሩ ውጭ በተስፋፋው ሠፈር፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ቤቶች የሚሰበሰበው ወጣት በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ይከራከራል፤ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ይሟገታል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ተመልካች ጨዋታውን የሚያየው በማን ነደባ ላይ ተቀምጦ ነው?

የእንግሊዝ ዓይን የባለቤት ዓይን ነው። የጨዋታው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ በተመሠረተው ማኅበር የተደነገገ በመሆኑ፣ እንግሊዛዊው ተራኪ ስለ ኳስ ሲናገር ስለ ርስቱ እንደሚናገር ሰው ነው። ጥበቡ ግን አይካድም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1927 ቢቢሲ የአርሰናልንና የሼፊልድ ዩናይትድን ግጥሚያ በሬዲዮ በቀጥታ ባስተላለፈ ጊዜ፣ ሜዳውን በስምንት ክፍል የሚያሳይ ንድፍ ለአድማጮች አስቀድሞ በመጽሔት ታትሞ ነበር። ተራኪው ጨዋታውን ሲናገር ረዳቱ ኳሷ ያለችበትን ክፍል በቁጥር ይጠራል፤ አድማጩም ያላየውን ሜዳ በልቡናው ይሥላል። ይህ ለሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ቃል ሲቆጠብ ምናብ ይሠራልና። ጉድለቱ ግን ማዕከሉን ከገዛ ቤቱ አለማንቀሳቀሱ ነው። ሌላው ዓለም በትረካው ውስጥ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ለሐረር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማይቱን ጎብኝቶ ሲመለስ ያሳተመው መጽሐፍ በርዕሱ ስለ "መጀመሪያ እርምጃዎች" ያወራል፤ ከተማይቱ ግን ከእርሱ እርምጃ በፊት ነጋዴውና ደረሳው ለዘመናት ሲመላለስባት የኖረች ነበረች።

የአሜሪካ ዓይን በአንጻሩ የአዲስ ገቢ ዓይን ነው። አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት "ሶከር" የሚለው ስም እንኳ የእንግሊዝ ተማሪዎች "አሶሲዬሽን" ከሚለው ቃል ቆርጠው ያወጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የአሜሪካ ሊግ የሜዳውን ሰዓት ወደ ዜሮ እንዲቆጥር አደረገ፤ አቻ የወጡ ቡድኖችንም ተጫዋቹ ከ35 ያርድ ርቀት ኳስ እየገፋ ከበረኛው ጋር ለብቻው በሚገጥምበት ምት ይለያይ ነበር። ይህ አሠራር ከ1999 በኋላ ተትቷል። የሙከራው መነሻ ግልጽ ነው፤ አሸናፊ የሌለበት ፍጻሜ ለዚያ ተመልካች ፍጻሜ ሆኖ አልታየውም። በትያትር ግን ሁለቱም ወገን እኩል ደክሞ፣ እኩል ተጎድቶ መጋረጃው ሊዘጋ እንደሚችል የታወቀ ነው። የአሜሪካው ዓይን ደግነቱ ያልገባውን ከመጠየቅ አለማፈሩ፣ ለግምትም ቁጥርን በማስረጃነት ማቅረቡ ነው። ጉድለቱ ሊቆጠር የማይችለውን ነገር ማሳነሱ ነው።

ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ሜዳ የተገናኙበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 በብራዚል የዓለም ዋንጫ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸነፈች። ይህ ጨዋታ በእንግሊዝ ትረካ ውርደት፣ በአሜሪካ ትረካ ተአምር ነው። ጎሉን ያስቆጠረው ጆ ጌትጄንስ ግን የሄይቲ ተወላጅ ነበር፤ የሄይቲ ዓይን ምን እንዳየ የጠየቀ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የዓለም ዋንጫም እንዲሁ በለንደን የድል ዓመት ተብሎ ይወሳል። በዚያው ዓመት ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽኒያ በጋራ አንዲት ቦታ ብቻ በመሰጠቷ፣ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ያስተባበሩት የአፍሪካ ተቃውሞ አህጉሪቱን ከውድድሩ አስቀርቷል። በ9 ጎሎች የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው የፖርቱጋሉ ዩሴቢዮ ግን የሞዛምቢክ ተወላጅ ነበር። አፍሪካ ከመድረኩ ቀርታ ልጇ በሌላ ማሊያ ተወነ። ከዚያ በኋላ ለ1970ው ውድድር ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ተሰጣት። ከእንግሊዝም ከአሜሪካም ነደባ ይህ ታሪክ የሚታየው ከዳር ነው።

ኢትዮጵያ ግን የራሷ ነደባ አላት። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። በ1968 ዓ.ም. በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ድሬዳዋ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ተጋጥመዋል፤ ሞሮኮ ከዚያ ምድብ ተነሥታ ዋንጫውን ወሰደች። የቋንቋው ሀብትም አይናቅም። ሕዝቡ "ካልቾ"ንና "ቴስታ"ን ከጣልያንኛ ወስዶ የራሱ አድርጓል፤ "ኳስ አበደች" የሚለውን አነጋገር የፈጠረው ደግሞ ከማንም ሳይዋስ ነው። የሚያሳዝነው አንዳንዱ የአማርኛ ተራኪ ይህን ሁሉ ትቶ የእንግሊዙን ተራኪ ጩኸትና ሐረግ መገልበጡ ነው። ብሔራዊው ቡድን ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም በማጣት የሜዳውን ጨዋታ በባዕድ አገር ባደረገባቸው ዓመታት፣ ኢትዮጵያዊው የገዛ ቡድኑን እንኳ በሰው ሜዳ፣ በሰው ካሜራ ለማየት ተገድዷል።

መፍትሔው የውጭውን ጨዋታ መከልከል አይደለም። ከእንግሊዙ የቃል ቁጠባን፣ ከአሜሪካዊው የማስረጃን ልማድ መማር ይገባል። ይሁን እንጂ መምህሩ ተማሪው ያየውን ግጥሚያ በራሱ ቋንቋ እንዲተርክ ሊያለማምደው፣ ደራሲውና ተዋናዩ ለጨዋታ ትረካ የሚሆን ቃልና ድምፅ ሊያበጅ፣ የባህል ሠራተኛው ደግሞ ለቀበሌው ግጥሚያም ተራኪና ታዳሚ እንዲኖረው ሊጥር ይገባዋል። ከሁሉም በፊት ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ መኖር አለበት፤ የራሱ ሜዳ የሌለው ተመልካች፣ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን፣ ዘወትር በሰው ነደባ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነውና።