ከገዛ ጥላ ስለ መሸሽ

ተረት የሕፃናት ጨዋታ፣ ልብ ወለድም የሥራ ፈት ማሳለፊያ ነው እያልሁ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት እኔ ዘንድ መጥቶ ሳለ፣ ስለ አስማተኞችና ስለ ዘንዶዎች የሚተርክ መጽሐፍ ይዞ ሌሊቱን ሲያነብ አገኘሁት። በማግሥቱ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ «ጊዜህን በውሸት ታባክናለህን?» ብዬ ገሠጽሁትና መጽሐፉን ቀምቼ ሣጥን ውስጥ ቈለፍሁበት። እንግዶቹ ንግግሬን አመሰገኑልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በዚያው ሌሊት ለሁለተኛ ተግሣጽ ማስረጃ እንዲሆነኝ መጽሐፉን ገለጥሁት። ነገር ግን ሳልጨርሰው አልተኛሁም።

የመጽሐፉ ደራሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ያረፉት አሜሪካዊቱ ወይዘሮ ኡርሱላ ለጉዊን ናቸው። ስሙ «የኧርዝሲ አስማተኛ» ነው፤ የታተመውም በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጌድ የሚባል እናቱ የሞተችበት ፍየል ጠባቂ ልጅ፣ ከተወለደበት ደሴት ወጥቶ አስማት ከሚያስተምሩበት ቤት ይገባል። ልጁ ብሩህ ነው፤ ትዕቢቱ ግን ከዕውቀቱ ይበልጣል። አንድ ባልንጀራው ቢንቀው፣ ችሎታውን ለማሳየት ሲል ጥንት የሞተችን ሴት መንፈስ ይጠራል። ከጨለማውም ስም የሌለው ጥላ ወጥቶ ፊቱን ይቧጭረዋል፤ እርሱን ያዳኑት የትምህርት ቤቱ አለቃም በዚያው ይሞታሉ። ከዚህ በኋላ ጌድ ከደሴት ወደ ደሴት ይሸሻል፤ እርሱ በሸሸ ቍጥር ጥላው ይበረታል። በመጨረሻ የቀድሞ መምህሩ፣ ዞረህ አሳድደው ብለው ይመክሩታል። ልጁም እስከ ባሕሩ ዳርቻ ተከትሎ በስሙ ይጠራዋል፤ የጥላውም ስም የራሱ የጌድ ስም ሆኖ ይገኛል።

በዚያ ምድር የሰው እውነተኛ ስም ለታመነ ወዳጅ ብቻ ይነገራል። በእኛም አገር ክፉ እንዳያገኘው የክርስትና ስሙን የሚሰውር ሰው አለና፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ብዙ የጀግንነት ታሪክ ክፋትን ሁሉ በውጭ ጠላት ላይ ጭኖ ጠላቱ ሲገደል ያበቃል። ጌድ ግን ጥላውን አልገደለም፤ የእኔ ነው ብሎ ተቀበለው እንጂ። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ይመስለኛል።

ነቀፌታም አለኝ። በዚያ ትምህርት ቤት የሚማሩት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የሴት አስማት ደካማ ነው የሚል አባባልም በሰዎቹ አፍ ይነገራል። ሆኖም ደራሲዋ በ1971 ባወጡት «የአቱዋን መቃብሮች» በሚለው መጽሐፍ፣ ስሟን ተነጥቃ በጨለማ መቃብሮች መካከል ያደገችውን ቴናርን ዋና ሰው አደረጉ፤ በ1990 በወጣው «ቴሃኑ»ም ወደ ሴቶች ነገር ተመለሱ። የጻፈውን መልሶ መርምሮ ጕድለቱን የሚሞላ ደራሲ ምስጉን ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፍ ስታነብ ከሰዎቹ መካከል ራስህን ፈልግ። እኔ ያንን ትዕቢተኛ ልጅ በገዛ ቤቴ፣ በእንግዶች ፊት ቆሞ አየሁት፤ የእኅቴ ልጅ ግን አልነበረም። በሰው ፊት ዐዋቂ ለመባል ሲል ያላነበበውን የነቀፈ፣ ታናሹንም ያሳፈረ እኔ ነበርሁ።

መጽሐፉን መመለስ ቀላል ነበር። «ተሳስቻለሁ» ማለት ግን ከበደኝ። ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ሆኖም በሰው ፊት ያሳፈርሁትን በስውር ብክሰው ከጥላዬ መሸሽ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ እነዚያኑ እንግዶች ቡና ጠራሁና በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ማታ ግን ደጄን አንኳኩቶ ሁለተኛውን መጽሐፍ አዋሰኝ።