ጫማ ከሰቀሉ አይቀር

ተጫውቶ ያቆመና ገና ማሠልጠን የጀመረ ወጣት፣ ጎንደር አዘዞ ልምምድ ስናሠራ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ሠርተው አያሳዩዋቸውም?» አለኝ። እሱ ያሳያል። ኳሷን በደረቱ አውርዶ፣ በጉልበቱ አንጥሮ፣ አንድ አብዶ ጨምሮ መረብ ላይ ሲያሳርፋት ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያምራል። ግን ማን ምን ተማረ?

የኔ አቋም የታወቀ ነው፤ ተጫዋች የነበረ አሠልጣኝ እግሩን ይሰብስብ። ልጅ የሚያየው ኳሷ የገባችበትን ነው። ሰውዬው ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ኋላውን ማየቱን፣ ትከሻውን ማዘንበሉን አያይም። ተጫዋቹም ቢጠየቅ አይነግርህም፤ ሰውነቱ እንጂ አፉ አያውቀውም። ሥራችን ያንን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው፦ ፊሽካ ነፍቶ ሁሉንም ባሉበት ማቆም፣ «አሁን ከኋላህ ማን አለ?» ማለት። ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጡት ልጆች ሳንባ አላቸው፣ ዘጠና ደቂቃ አይደክሙም፤ ቀና ብሎ ማየት ግን በሩጫ አይገኝም።

ምስክሬ የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ አራተኛዋን ያገባው እሱ ነው፤ በ3 ግብም የውድድሩን ኮከብ አግቢነት ከግብፁ ባዳዊ ጋር ተጋርቷል። በ1974 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ አደረሰ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጣ። ያ ሁሉ የግብ ጥማት የነበረው ሰው፣ በሦስት ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ አላየም። እግሩን ለማን ያውሰው?

እኔ ግን ያቺን 0 ለ 0 እወዳታለሁ። ያው የአልጄሪያ ቡድን በሰኔ ምዕራብ ጀርመንን በዓለም ዋንጫ 2 ለ 1 አሸንፏል። አልጄሪያ አስቀድማ ስላለፈች ተዝናንታ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ከሊቢያው ውድድር በኋላ እኛ እስከ 2005 ድረስ ለአፍሪካ ዋንጫ አልበቃንም።

እኔም አጥቂ ነበርኩ። ጭብጨባው ሲቀር ባዶነቱ ከባድ ነው፤ ብዙዎቻችን ልምምድ ላይ የምናሳየው ለልጆቹ ሳይሆን ለዚያ ናፍቆት ይመስለኛል። አሁን ደስ የሚለኝ፣ አንድ ልጅ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ሲያይ ነው። ለዚያ የሚያጨበጭብ ተመልካች የለም።

ጨዋታ ያቆማችሁ የጎንደር ልጆች፣ ሜዳው አሠልጣኝ ይፈልጋልና ኑ። ታኬታችሁን ግን ቁጥሩ ልክ ለሚሆነው ልጅ ስጡት።