ከተከዜ ማዶ ያለው «አረመኔ»፦ የአክሱም ዘመን በታሪካዊ ልብ ወለዳችን

በአዱሊስ ወደብ የእብነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሂምያርን ለመውጋት በሚሰናዳበት ወቅት፣ የወደቡ ገዥ አስባስ በዙፋኑ ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ አስገልብጦ እንዲልክ ታዘዘ። ሥራውን የሰጠው ለሁለት ነጋዴዎች ነው፤ አንደኛው በኋላ ኮስማስ ተብሎ የታወቀው የእስክንድርያ ሰው ነበር። ዙፋኑ ዛሬ የለም፣ ቅጂው ግን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ተርፏል። መግቢያው በመጥፋቱ ስሙ ያልደረሰን አንድ የአክሱም ንጉሥ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዱ ስሜን ነው። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሮ፣ መውጫ በሌለው ተራራ ላይ፣ ውርጭና ዐውሎ በማይለየው፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚውጠው አገር የስሜንን ሰዎች እንደወጋ ይናገራል። ጽሑፉ ወንዙን ዓባይ ቢለውም ሊቃውንት ተከዜ ነው ይላሉ።

ማክሰኝት ላይ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ስሜን የተረት አገር አይደለም። ጎንደርን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ተከዜ የሚደረስበት የዘወትር መንገድ ነው። ስለዚህ ለእኛ ጽሑፉ የሚያስነሣው ጥያቄ አክሱም ምን ያህል ገናና ነበረች የሚለው ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን መዝገብ ውስጥ የዚህ ደጋ ሰው የቆመው በየትኛው ወገን ነው? መልሱ ለታሪካዊ ልብ ወለዳችን የማይመች ይመስለኛል፤ የቆመው ሮማውያን ጎቶችንና ሁኖችን ባቆሙበት ወገን ነውና።

ታሪካዊ ልብ ወለዳችን ጎንደርን የሚያውቃት ከሁሉ በላይ በቴዎድሮስ በኩል ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ያንኑ ሰው ደጋግመው ጎብኝተውታል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የቴዎድሮስ ጥላ ሰፊ በመሆኑ ከእሱ በፊት ያለው አንድ ሺሕ ከአምስት መቶ ዓመት ባዶ ሜዳ መስሎ ይታያል። ያም ሜዳ ቢሆን ከጥንት ጀምሮ ባለቤት ነበረው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሁኑን መልኩን የያዘው ክብረ ነገሥት የሚደመደመው የሮሙ ንጉሥ ዮስጦስና የኢትዮጵያው ንጉሥ ካሌብ በኢየሩሳሌም ተገናኝተው ምድርን ለሁለት ሲካፈሉ ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተደረገም። ሰዎቹ ግን ነበሩ፤ ዘመኑም የሮማ መንግሥት ወደ ቢዛንጥነት የሚሻገርበት ነው። ያልሆነውን ነገር እውነተኛ በነበሩ ነገሥታት አፍ ማናገር ልብ ወለድ ከተባለ፣ የመጨረሻውን የሮማ ዘመን በተመለከተ የመጀመሪያው ታሪካዊ ልብ ወለዳችን ይህ ነው። በዚያ ክፍፍል ውስጥ ከተከዜ ማዶ ያለውን ሰው የጠየቀው የለም።

ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተመ፤ እኛ «ጦቢያ» ብለን የምንጠራውን። የክርስቲያኑ ጦር በአረመኔዎች ድል ይሆናል፤ የጦር አለቃው ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጅቶ ይለቀዋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊከፍል ሲወጣ በባርነት ይያዛል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። አረመኔው ንጉሥ ኋላ ይወዳታል፤ ስለ እሷም ከነሕዝቡ ይጠመቃል። አፈወርቅ ዓመተ ምሕረት አይጠቅስም፤ መልክዓ ምድሩም የትም ሊሆን የሚችል ደጋና ቆላ ነው። የድርሰቱ ጉልበት ከዚህ እንደሚመጣ አምናለሁ፤ ድካሙም እንዲሁ። ንጉሡ ለጋስ ነው፣ ይራራል፣ ያፈቅራል፤ ደራሲው ጭራቅ ባለማድረጉ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ከመጠመቁ በፊት ምን ያምን እንደነበር፣ ምን እንደሚዘፍን፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚቀብር አንባቢ አያውቅም። ሙሉ ሰው የሚሆነው እኛን ሲመስል ነው።

እዚህ ላይ የአዱሊስ ዙፋን ነገሩን ይገለብጠዋል። ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሴይዶን ይሠዋል፤ የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል። በአፈወርቅ ሚዛን ከተመዘነ አረመኔው ራሱ ነው። በሮማውያን ሚዛን ደግሞ አክሱም ከድንበራቸው ውጭ ያለች አገር ናት፤ የቀይ ባሕሩ የመርከበኞች መምሪያ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አገሩ ገዥ ስለ ዞስካሌስ ሲጽፍ ስስታም ቢሆንም ግሪክኛ የተማረ መሆኑን በምስጋና ያነሣል። ለሮም ዳር የሆነው መንግሥት በራሱ ደጃፍ መሐል ሆኖ ስሜንን ዳር ያደርጋል፤ ያንንም የሚያደርገው ከሮም ዓለም በተዋሰው ቋንቋ ነው። ይህ ሽርፍራፊ ለአንድ ልብ ወለድ ከበቂ በላይ ነው።

የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛናም አለ። ገና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት፣ ወንድሞቹ በቤጃ ላይ ያደረጉትን ዘመቻ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል አስቀርጿል። ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከነሰዎቻቸው፣ በጠቅላላው 4,400 ነፍስ፣ ከአገራቸው ተነቅለው ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ። በጉዞው አራት ወር በየቀኑ 22,000 ዳቦ፣ ሥጋ፣ ጠላና ወይን ይሰጣቸዋል፤ ሲሰፍሩም 25,140 ከብት ይታደላቸዋል። የቁጥሩን እውነትነት የሚያረጋግጥልን የለም፤ ንጉሥ ስለ ራሱ ቸርነት ሲቆጥር መጠንቀቅ ይገባል። ሆኖም ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ376፣ ጎቶች ከሁኖች ሸሽተው ዳኑብን ሲሻገሩ የሮማ ሹማምንት ያደረጉትን አሚያኑስ ማርሴሊኑስ ጽፎታል፦ በረሃብ ያስጨነቋቸውን ሰዎች ውሻ እየሰጡ በምትኩ ልጆቻቸውን ለባርነት ወሰዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ቫለንስ ከእነዚሁ ጎቶች ጋር ሲዋጋ በአድሪያኖፕል ሞተ። አንዱ መዝገብ የባለሥልጣኑ ነው፣ ሌላው የተቆጨ ወታደር። በቤጃው ነገር እንደ አሚያኑስ ያለ ሰው የለንም፤ ልብ ወለድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለ4,400 ሰው 22,000 ዳቦ ማለት ለአንድ ነፍስ በቀን አምስት ነው። ማን ጋገረው? እህሉስ ከማን ጎተራ ወጣ?

የውጭ ደራስያን ይህን ዘመን ነክተውታል። ጊሊያን ብራድሾ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው «የእስክንድርያ ፋና» ኤፌሶናዊቷ ካሪስ ወንድ መስላ ሕክምና ትማራለች፤ ለፍሬምናጦስ ጵጵስና የሰጠውን አትናቴዎስን ታክማለች፤ ኋላም በጎቶች እጅ ትወድቃለች። ጎቶቹ ደኅና ተስለዋል፤ የምናያቸው ግን ሁልጊዜ በተማረች ግሪካዊት ዓይን ነው። ኤልሳቤት ዌን የበለጠ ደፍራለች። በ2003 እና በ2004 በወጡት «የአንበሶች ኅብረት» እና «የፀሐይ ወፍ» የአርተር ልጅ ጎወይን ከብሪታንያ ወደ አክሱም ትመጣለች፤ የሠለጠነው ቤተ መንግሥት የኛ፣ የፈረሰው ዳር አገር የእሷ ነው። ማዕከሉን እንዲህ ማዞሯ ደስ ይለኛል። ከአክሱም ወዲያ ያለው ግን አሁንም ጥላ ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፍ የአፋር ጨው ምድር ብላቴናው ቴለማኮስ የሚሠቃይበት ስፍራ ሆኖ ነው የሚቀርበው።

አንድ የኛ ደራሲ ስሜንን ሊጽፍ ቢነሣ ኮስማስ ወጥመድ አስቀምጦለታል፦ የአክሱም ንጉሥ የተፈረደበትን ሰው ወደዚያ በረዷማ አገር ያግዘዋል ይላል። ከቤተ መንግሥት ተባርሮ ተራራ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኮንን ተራኪ ሊሆን ይመቻል። ይህ ግን የብራድሾን መንገድ መድገም ነው፤ የተራራው ሰው እንደገና በእንግዳ ዓይን ይታያል፣ ገብሱ ሳይታጨድ ውርጩ ብቻ ይተረካል።

የተሻለው በር ያው ኮስማስ ሳሱ ስለሚባለው አገር ወርቅ የጻፈው ነው። ንጉሡ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ይልካል፤ ነጋዴዎችም ይከተላሉ፤ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ይሆናሉ፣ ሁሉም መሣሪያ ይዘዋል። ሰንጋ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከደረሱ በኋላ በእሾህ አጥር ያጥራሉ፣ ከብቱን አርደው ሥጋውን በእሾሁ ላይ ይሰቅላሉ፣ ጨውና ብረቱን ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ እንደ ግብጦ ፍሬ ያለ የወርቅ እንክብል በወደደው ዕቃ ላይ አስቀምጦ ይርቃል። ባለዕቃው ዋጋው ከጣመው ወርቁን ያነሣል፤ ካልጣመው ይተወዋል፤ ያኛው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው ቃል አይለዋወጡም።

ኮስማስ ይህን የጻፈው ከሰማው ነው፤ ትዕይንቱም እንግዳ ነገር መሆኑን እያጣጣመ ነው። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ሁለቱም ወገን ዋጋ ያውቃል፣ ሁለቱም ይጠረጥራል፣ ሁለቱም እምቢ ማለት ይችላል። ከአዱሊስ ዙፋን እስከ «ጦቢያ» ባለው ጽሑፍ ሁሉ «አረመኔው» ሳይገብርና ሳይጠመቅ ከባለ መንግሥቱ ጋር እኩል የቆመበት ሌላ ስፍራ አላገኘሁም። ደግሞም በመካከሉ አንድ ሰው አለ፤ ኮስማስ ከማዕረጉ በቀር ምንም ያልነገረን የአገው ገዥ። አክሱም ታዘዋለች፤ መንገዱን፣ መሻገሪያዎቹንና በመንገድ የሚኖረውን ሕዝብ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ስድስት ወር በሚፈጀው ጉዞ ሲሄዱ በከብቱ ምክንያት ያዘግማሉ፤ ሲመለሱ ግን ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሳይሞሉ ይጣደፋሉ፣ የዓባይ ምንጭ በዚያ አቅጣጫ ነውና። የሚናገረው ሁለት ቋንቋ፣ የሚፈራው ሁለት ጌታ፣ የሚያሰላው አንድ የዝናብ ወቅት ያለው ይህ ሰው ከካሌብም ከዒዛናም የተሻለ ገጸ ባሕርይ ይወጣዋል።