ቤት ምን ተደረገለት?

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቁስል ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ «ምን አድርገህበት ነው?» ብዬ እቆጣ ነበር። መልሱ «ኧረ ምንም፣ ሲስተር» ነው። ፋሻው ሲፈታ ግን የቅጠል ጭማቂ፣ የቡና ዱቄት፣ አንዳንዴም አመድ ይወጣል።

ቡናው አድካሚ ነው። ማጭድ የቆረጠው ጣት ላይ ደም እንዲይዝ ይነሰንሱታል፤ ከደሙ ጋር ረግቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። አልፍቀውም። ጎዝ በኖርማል ሳላይን አርሼ እደርብበትና እስኪላላ ስለ አዝመራው እንጫወታለን። ቅርፊቱ ከነቡናው ሲነሳ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ያልታደለው ደግሞ መግል።

እናቴ የእሬት ሰው ነበረች። ቅጠሉን ቆርጣ የተቆረጠውን ጫፍ ቁልቁል ሳህን ላይ ታቆመዋለች። ቢጫው መራራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ብሎ ሳያልቅ ማንም አይነካውም። ከዚያ ልጣጩን ገፋ፣ መሀል ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ለቃጠሏችን ትቀባናለች። ቆዳ የሚያስቆጣው ያ ቢጫው መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ እሷ «መርዙ ይውረድ» ብቻ ነበር የምትለው። ዛሬ የማያቸው ብዙዎች ቅጠሉን ያውቁታል፣ ማንጠፍጠፉን ግን ረስተውታል።

ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ታስሮ ካደረ ያቃጥላል፤ ጭረት የነበረችው ጠዋት ውኃ በቋጠረ ቆዳ ተከባ ትመጣለች። ጤና አዳም ተንኮሉ ከፀሐይ ጋር ነው። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው በቀን በሁለት ቀን ውስጥ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድንም ለወራት ጠቁሮ ይቆያል። ቡናው ላይ ጣል ሲያደርገው የኖረ ቅጠል ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የቁልቋል ወተትማ ዓይን እንዳይገባ ነው፤ አያድርስ!

አሁን ጥያቄዬን ለውጫለሁ፤ «ቤት ምን ተደረገለት?» እላለሁ። ያኔ ያወራሉ። ባለፈው ክረምት እግራቸውን እሾህ የወጋቸው እናት መጡ።

«ትንሽ ግራዋ ነው፣ ልጄ።»

«በምን ወቀጡት፣ እማማ?»

«በድንጋይ ነዋ።»

«ድንጋዩ የት ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «በረቱ በር ላይ።»

ከግራዋው ይልቅ ያስፈራኝ ድንጋዩ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሐዋሲ አፈርና እበት ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ የእሾህ ቀዳዳ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ይመቸዋል። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጠብኩት። ክትባት መቼ እንደወሰዱ ስጠይቃቸው የመጨረሻ ልጃቸውን ነፍሰ ጡር ሳሉ መሆኑን ነገሩኝ። ልጁ ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ጢም አውጥቷል። መርፌውን ላመጣ ተነሣሁ።