የባሕር ዳር ክላም ቁፈራ ቃላት በአማርኛ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ትችት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ አስተያየት እንድንሰጥበት ደርሶናል። ረቂቁ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት የባሕር ዳርቻዎች ክላም ቆፍረው ለራሳቸው ምግብ ለሚወስዱ ሰዎች የተዘጋጀን መመሪያ በአማርኛ ለማቅረብ የታሰበ ነው። ክላም በሁለት ተገጣጣሚ ዛጎሎች መካከል የሚኖር፣ አካሉ ለስላሳ የሆነ፣ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ የባሕር እንስሳ ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሚኖሩ የሥራው ጠቃሚነት አያጠያይቅም። የተርጓሚውም ትጋት የሚመሰገን ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ የጠሩ ናቸው፤ ሰዋስውም አልተጓደለም። ትችታችን የሚያተኩረው በስያሜዎቹ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ቃል ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ አንባቢውን ለሕመም፣ ለመቀጫ ወይም ለውሃ አደጋ ሊዳርገው ይችላል።

ሀ. የእንስሳቱ ስም

ረቂቁ «ሼልፊሽ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለሁለት ከፍሎ «የዛጎል ዓሣ» ብሎታል። ክላም ግን ዓሣ አይደለም። ከዚህም በላይ የእንግሊዝኛው ቃል ሸርጣንንና ሽሪምፕን ጭምር የሚያጠቃልል ሲሆን፣ እነዚህ ዛጎል የላቸውም። ስለዚህ ስያሜው በሁለት በኩል ይስታል። ለእኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ከአማርኛ ተናጋሪው ብዙው የሚበላውንና የማይበላውን በሃይማኖቱ ሥርዓት ይለያል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተቀመጠው መለያም የውሃው ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለው መሆኑ ነው። ክላም ሁለቱም የሉትም። መብላት አለመብላቱ የአንባቢው ውሳኔ ነው፤ ተርጓሚው «ዓሣ» በማለት አስቀድሞ ሊወስንለት አይገባም።

«ዛጎል» በቋንቋችን ከሁሉ በፊት ለጌጥ የሚውለውን ትንሹን የባሕር ዛጎል ያስታውሳል፤ ወደ ማንኛውም የእንስሳ ጠንካራ ልባስ ማስፋቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ቃሉ ለልባሱ እንጂ ለባለልባሱ መዋል የለበትም። በእኛ አስተያየት የወገኑ ስም «ባለ ጥንድ ዛጎል» ቢሆን፣ ለየዝርያው ግን «ክላም» እና «ኦይስተር» በውሰት ቢያዙ ይሻላል። አማርኛ ቃል መፍጠር እየተቻለ ለምን እንዋሳለን የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው፤ አንባቢው በባሕሩ ዳር የሚቆመው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሰሌዳ ፊት ነው። በወረቀቱ ላይ ያነበበው ስም በሰሌዳው ላይ ካለው ጋር ካልተገናኘ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቃል ብንፈጥርለት አይረዳውም።

ውሰት ግን ድምፅን እንጂ ፊደልን መከተል አለበት። ረቂቁ በጣም ጠልቆ የሚቀበረውን ትልቁን ክላም «ጂኦዳክ» ብሎ ጽፎታል። ይህ ስም ከመሬትም ከዳክዬም ጋር ዝምድና የለውም። የፑጀት ሳውንድ ነባር ሕዝቦች ከሚናገሩት ከሉሹትሲድ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ሲነገር «ጉዊደክ» ይባላል። በእንግሊዝኛ አጻጻፉና አነባበቡ ተለያይተዋል፤ የግእዝ ፊደል ድምፅን በቀጥታ የሚጽፍ ሆኖ ሳለ የሌላውን ቋንቋ የአጻጻፍ ችግር የምንወርስበት ምክንያት የለም።

ለ. የድርጊቱ ስም

ተርጓሚው ድርጊቱን «ክላም ለቀማ» ብሎታል። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ቡና ለቀማ እንላለንና። ነገር ግን «ለቀመ» ከማንሣት ሌላ የመምረጥ ትርጉም አለው፤ ምስር የሚለቅም ሰው ጠጠሩን ከፍሬው ይለያል። በዋሽንግተን የውቅያኖስ ዳርቻ ምላጭ ክላምን የሚመለከተው ደንብ ደግሞ የሚከለክለው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ የቆፈራቸውን 15 ክላሞች፣ ትንሽም ይሁኑ የተሰበሩ፣ መያዝ ይገባዋል፤ ትንሹን ጥሎ ትልቁን መፈለግ ክልክል ነው። የተጣለው ክላም አብዛኛውን ጊዜ ተጎድቶ ስለሚሞት ደንቡ ምክንያት አለው። እንግዲህ «15 ክላም መልቀም ይቻላል» የሚለውን ያነበበ ሰው ቃሉን አምኖ ሲመርጥ ደንብ ይጥሳል። ይህን በማሰብ «ቁፈራ» የሚለውን እንመርጣለን። «ቁፋሮ» የውሃ ጉድጓድንና የመንገድ ሥራን ስለሚያስታውስ ለዚህ ይከብዳል።

በፑጀት ሳውንድ ዳርቻዎች በሚገኙት እንደ ማኒላ ክላም ባሉ ዝርያዎች ላይ የተደነገገው ግን ሌላ ነው፤ ከአንድ ኢንች ተኩል ያነሰው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የተቆፈረውም ጉድጓድ ይደፈናል። ረቂቁ ሁለቱን ደንቦች በአንድ ግሥ በመግለጹ ልዩነቱ ጠፍቷል። «ቆፈረ»፣ «ያዘ» እና «መለሰ» የሚሉት ሦስት ግሦች በየቦታቸው ቢገቡ ችግሩ ይወገዳል።

«በየራሱ ዕቃ» የሚለው ሐረግም ከረቂቁ ቀርቷል። ደንቡ እያንዳንዱ ቆፋሪ የያዘውን በራሱ ዕቃ እንዲያኖር ያዝዛል። በአንድ ገበታ መቅረብ የለመደ ቤተሰብ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ባልዲ ቢያጠራቅም አያስደንቅም፤ ስለዚህ ይህ ሐረግ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለእኛ አንባቢ ጎልቶ መጻፍ ነበረበት።

ሐ. ሙላትና ጉድለት

የረቂቁ ከባድ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ አሸዋው የሚጋለጥበትን ጊዜ «ዝቅተኛ ማዕበል» ብሎታል። በአማርኛ ማዕበል በነፋስ የሚነሣ የውሃ ሁከት ነው፤ ዝቅተኛ ማዕበል ያለው ባሕርም ጸጥ ያለ ባሕር ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚሆነው የባሕር መውጣትና መውረድ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ነፋስ በሌለበት ቀንም ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ወንዝ ሞላ፣ ወንዝ ጎደለ እንላለን። ስለዚህ «የባሕር ሙላት» እና «የባሕር ጉድለት» ብንል ማንም አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳናል።

ከቃሉ ይልቅ ያሳሰበን ቁጥሩ ነው። በረቂቁ ሠንጠረዥ የጉድለቱ ሰዓት «7፡10» ተብሎ ብቻ ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛው ግን ከቁጥሩ አጠገብ የጠዋት ምልክት አለ። በአገራችን አቆጣጠር የለመደ ሰው 7፡10 ሲል ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ማለቱ ነው፤ ልዩነቱም ስድስት ሰዓት ነው። በዚያ ባሕር ከጉድለት እስከ ሙላት ያለው ጊዜም ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሠንጠረዡን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ዳርቻው የሚወርደው እንግዲህ ውሃው ሞልቶ በሚገኝበት ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ 1፡10 (በአገሩ አቆጣጠር 7፡10)» ተብሎ በሁለቱም መጻፍ አለበት።

መ. የመርዙ ስም

ረቂቁ የባሕር መርዝን ማስጠንቀቂያ «ቀይ ማዕበል» በሚል ርእስ አቅርቦታል። ይህ የእንግሊዝኛው የልማድ አነጋገር ቃል በቃል የተገለበጠበት ነው። ነገሩ ማዕበል አይደለም፤ ቀይ መሆንም የለበትም። መርዙን የሚያመነጩት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው፤ ክላሙ ውሃውን እያጣራ ሲመገብ መርዙን በሥጋው ያከማቻል። ውሃው ጠርቶ ሳለ ክላሙ መርዘኛ ሊሆን ይችላል። በርእሱ ተመርቶ ቀይ ውሃ የሚፈልግ አንባቢ ጥሩውን ውሃ አይቶ ያለ ሥጋት ይበላል። መርዙን መቀቀልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም።

መርዞቹም ከአንድ በላይ ናቸው። ሰውነትን የሚያሽመደምደው ሳክሲቶክሲን ስሙን ያገኘው ሳክሲዶመስ ከተባለው የክላም ወገን ነው፤ ይህ ክላም መርዙን ከወራት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ትዝታን የሚያጠፋው ዶሞይክ አሲድ ደግሞ በዋሽንግተን ምላጭ ክላም ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገኝቶ ቁፈራው እንዲዘጋ ምክንያት ሆኗል። ረቂቁ ሁለቱንም «የምግብ መመረዝ» በማለቱ፣ አንባቢው ጥቂት የሆድ ሕመም እንጂ የመተንፈሻ ሽባነት አይመስለውም። «አሽመድማጅ የክላም መርዝ» እና «ትዝታ አጥፊ የክላም መርዝ» ቢባሉ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የጠቀስናቸው ስሕተቶች አማርኛ ባሕር ስለራቀው የመጡ አይደሉም። ሙላት፣ ጉድለት፣ ቁፈራ፣ ጥንድ፣ ዛጎል፣ ሁሉም በእጃችን ያሉ ቃላት ናቸው። የጎደለው ቃሉን ከመምረጥ በፊት ነገሩን መመርመር ነው። ተርጓሚው በሚቀጥለው ረቂቅ ከእያንዳንዱ ስያሜ ፊት አንድ ጥያቄ እንዲያስቀምጥ እናሳስባለን፤ ይህን ቃል ብቻ ያነበበ ሰው ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ምን ያደርጋል?