«በኃይል» እና ሁለት ፊቱ

የእንግሊዝኛው «ማይቲሊ» የተሰኘው ተውሳከ ግስ በተማሪዎቼ ትርጉሞች ውስጥ ዘወትር «በኃይል» ሆኖ ይመጣል። ቃሉ ግን ሁለት ፊት አለው፤ «በኃይል ዘነበ» ብርታትን፣ «በኃይል ወሰደው» ግፍን ይነግራል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አድገው አማርኛና ኦሮምኛ አጣምረው የሚናገሩ ተማሪዎች ይህን ፈጥነው ያያሉ፤ የኦሮምኛው «ሁምናን»ም ማስገደድን ያመለክታልና። «መሬቱን በኃይል ፈለገው» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ሳያስበው ፈላጊውን ነጣቂ ያስመስለዋል። «አጥብቆ ፈለገው» ቢል ግን ፍላጎቱ ይበረታል እንጂ ሰውየው በግፍ አይጠረጠርም። በእኔ እምነት አማርኛ ብርታትን አዘውትሮ የሚገልጸው በቦዝ አንቀጽና በግሱ ቅርጽ ነው፤ አጥብቆ ጠየቀ፣ አምርሮ አለቀሰ፣ ሰባበረው። ስለዚህ ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት ግሱን ይመርምር።