አድራሻ ከአንድ እጅ ይውጣ

ወደ ኔትወርክ ሥራ አዲስ የሚገባ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ለፕሪንተሩ፣ ለካሜራ መቅጃው፣ ለሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር አይፒውን መሣሪያው ላይ ገብቼ ልጻፍለት ወይስ ራውተሩ ይስጠው? በሙያው የቆዩት መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ስታቲክ አድርገው» ይላሉ። ምክሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስለኖረ መርምሮ የሚቀበለው ጥቂት ነው። እኔ አልቀበለውም። የእነዚህ መሣሪያዎች አድራሻ መለዋወጥ የለበትም በሚለው አንከራከርም። የምንለያየው አድራሻው የት ይጻፍ በሚለው ላይ ነው። ቋሚ አድራሻ መመዝገብ ያለበት ራውተሩ ላይ፣ ከመሣሪያው ማክ አድራሻ ጋር ተጣምሮ፣ በሪዘርቬሽን ነው። በእጅ ሊጻፍላቸው የሚገባው ራውተሩ ራሱና አድራሻ የማደሉን ሥራ የሚሠሩ ወይም የሚደግፉ ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ወደ ኔትወርኩ ሲገባ ጠይቆ ይውሰድ።

በእጅ የሚጽፍ ሰው አንድ ቁጥር ያስገባ ይመስለዋል። የሚያስገባው ግን ቢያንስ አራት ውሳኔዎችን ነው፤ አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን፣ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱን። አድራሻው እንዳይለወጥ ፈልጎ ሌሎቹን ሦስቱንም አብሮ ያስራቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የሚለወጡ ነገሮች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሰፍቶ 254 አድራሻ አልበቃ ሲለው ማስኩ ይለወጣል። ዲኤንኤስ ሰርቨር ይተካል። ሁለተኛ መስመር ሲገባ ጌትዌዩ ሊለወጥ ይችላል። ያን ዕለት ከራውተሩ የሚወስዱት መሣሪያዎች ሊዛቸውን፣ ማለትም አድራሻው የተሰጣቸውን ጊዜ፣ ሲያድሱ አዲሱን መረጃ በራሳቸው ያገኛሉ። በእጅ የተጻፈላቸው ግን አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ፤ መቅረታቸውንም ማንም አያውቅም።

የማስኩ ጉዳይ ሰፋ ተደርጎ ቢታይ ይሻላል፤ ባለሙያን ቀናት የሚያለፋው ብልሽት የሚወለደው እዚህ ነውና። 10.20.4.0 በ/24 የነበረ ኔትወርክ ወደ /23 ሰፋ እንበል። አሁን 10.20.4 እና 10.20.5 አንድ ኔትወርክ ናቸው። በእጅ 10.20.4.15 የተጻፈለት ፕሪንተር ግን ማስኩ አሁንም 255.255.255.0 ነው። 10.20.5.60 ላይ ያለ ኮምፒውተር ሊያትም ሲል ፕሪንተሩን ጎረቤቴ ነው ብሎ በቀጥታ ይልክለታል። ፕሪንተሩ ኮምፒውተሩን ከኔትወርኬ ውጪ ነው ብሎ ስለሚያምን መልሱን ወደ ጌትዌዩ ይልካል። ራውተሩ የግንኙነቱን መጀመሪያ አላየም፤ የደረሰው መልሱ ብቻ ነው። ፋየርዎሉ ላይ ያልታወቀ ግንኙነትን ጣል የሚል ሕግ ካለ፣ ደግሞም ሊኖር ይገባል፣ ያን መልስ ይጥለዋል። ሕጉ ከሌለ መልሱ ዞሮ ይደርሳል፣ ስህተቱም ተሸፍኖ ይከርማል። ስለዚህ ከአንዱ ክፍል ይታተማል፣ ከሌላው አይታተምም። ሠራተኛው ፕሪንተሩን ያማል፣ ቴክኒሻኑ ኬብሉን ይለውጣል፣ ስዊቹ ይፈተሻል። ጥፋቱ ግን ከዓመታት በፊት በፕሪንተሩ ትንሽ ስክሪን ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። በሪዘርቬሽን ቢሆን ኖሮ አዲሱ ማስክ ከአድራሻው ጋር አብሮ በደረሰው ነበር።

ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። «ዲኤችሲፒ ማለት የሚለዋወጥ አድራሻ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ የፕሮቶኮሉን ታሪክ ካለመመልከት የመጣ ነው። ከዲኤችሲፒ በፊት እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ያወጡት ቡትፒ ነበር። የእሱ ሰርቨር ይሠራ የነበረው በሰንጠረዥ ነው፤ ይህ የሃርድዌር አድራሻ ያለው መሣሪያ ይህን አይፒ ይውሰድ የሚል። ዛሬ ሪዘርቬሽን የምንለው ያንኑ ነው። ዲኤችሲፒ በ1993 መጥቶ በ1997 በራልፍ ድሮምስ አርኤፍሲ 2131 አሁን በምናውቀው መልኩ ሲጸና፣ ሰነዱ ሦስት የአሰጣጥ መንገዶችን በግልጽ አስቀምጧል። አንደኛው ለዘለቄታው የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ፣ ሦስተኛው አስተዳዳሪው የወሰነውን አድራሻ ፕሮቶኮሉ ለመሣሪያው የሚያደርስበት ነው። ቋሚ አድራሻ በዲኤችሲፒ መስጠት እንግዲህ የኋላ ሰው ብልሃት አይደለም፤ ከጅምሩ ታስቦ የተሠራ ነው። ለጊዜው የሚሰጠውን ብቻ ዲኤችሲፒ ብሎ መጥራት ከፕሮቶኮሉ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ማወቅ ነው።

በእጅ መጻፍን የሚደግፉ ጠንቃቃ ሰዎች፣ ጠንቃቃነታቸውን አከብራለሁ፣ ኮንፍሊክት እንዳይፈጠር ከፑሉ፣ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል፣ ውጪ የሆነ ክፍል እናስቀራለን ይላሉ። ከ2 እስከ 50 በእጅ፣ ከ51 በላይ ለራውተሩ። ይህ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን በእጅ የተያዙት ለማን ለማን እንደተሰጡ ራውተሩ አያውቅም። የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው፤ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ የኤክሴል ፋይሉ። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ፋይሉ በየትኛው ኮምፒውተር እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም። የሚተካው ሰው ለአዲስ ካሜራ 20ን ሊሰጥ ሲያስብ ፒንግ ያደርጋል፣ መልስ ያጣል፣ ነጻ ነው ብሎ ይጽፋል። 20 ግን ቅዳሜ ስለሆነ የጠፋ ኮምፒውተር ወይም ፋየርዎሉ ፒንግ የሚከለክል ሰርቨር ሊሆን ይችላል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ በአንድ አድራሻ ይገናኛሉ። አይፒን ከማክ የሚያዛምደው የሌሎቹ መሣሪያዎች የአርፕ ሰንጠረዥ አንዴ የአንዱን ማክ፣ አንዴ የሌላውን ይይዛል፤ ግንኙነቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጨርሶ የማይሠራ ነገር ቶሎ ይገኛል። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ነው ሰውን በሙያው እንዲጠራጠር የሚያደርገው። ሪዘርቬሽኑ ራውተሩ ላይ ቢሆን ግን 20 የማን እንደሆነ ሰንጠረዡን ከፍቶ ማየት ይበቃል። መዝገቡና አዳዩ አንድ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ተጽፎ የሚረሳ ነገር የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመብራት መጥፋት ነው፤ በቀላሉ ላልፈውም አልፈልግም። ራውተሩ ቢሞትስ? በእጅ የተጻፈለት ፕሪንተርና በእጅ የተጻፈለት ኮምፒውተር ስዊቹ እስካለ ድረስ ያለ ራውተር ይገናኛሉ። ከራውተሩ የሚጠብቁት ግን መብራት መጥቶ ሲነሱ አዳይ ካጡ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መለየት አለበት። ራውተሩ ብቻውን ለጥቂት ጊዜ ከቆመና መሣሪያዎቹ ካልጠፉ፣ የሚወስነው የሊዙ ርዝመት ነው። መሣሪያ የሊዙ ግማሽ ሲደርስ ማደስ ይጀምራል። ያ ካልተሳካ ሰባት ስምንተኛው ላይ ማንኛውንም አዳይ ይጠይቃል፤ አድራሻውን የሚለቀው ጊዜው ሲያልቅ ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር ሊዝ ሳይነካ 8 ቀን ነው፣ የሲስኮ ራውተር 1 ቀን ነው፣ ማይክሮቲክ ግን ለረጅም ጊዜ 10 ደቂቃ ይዞ ነበር የሚመጣው። በ10 ደቂቃ ሊዝ ራውተሩ ሩብ ሰዓት ቢጠፋ ቢሮው ሁሉ አድራሻ ያጣል። «ዲኤችሲፒ አይታመንም» የሚለው ስም የወጣው በከፊል እንዲህ ካለው ያልተነካ ቁጥር ይመስለኛል። ለቋሚ መሣሪያዎች ሊዙን ወደ ቀናት ማርዘም የአንድ መስመር ሥራ ነው።

መብራት ለሁሉም ጠፍቶ ለሁሉም ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ራውተሩ ይነሳል ወይ ነው። አነስተኛ ራውተር የሚፈልገው ጥቂት ዋት ነው፤ ለዴስክቶፕ የተገዛ ዩፒኤስ ለሰዓታት ሊይዘው ይችላል። ለአካውንታንቱ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ገዝቶ ራውተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ መተው ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ አሠራር ነው። ራውተሩ ጨርሶ ቢቃጠልስ? ያኔ ነው የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው። የኮንፊገሬሽኑ ባክአፕ ካለ፣ ተመሳሳይ ራውተር ተገዝቶ ፋይሉ ሲጫን ሪዘርቬሽኖቹ በሙሉ ይመለሳሉ። ባክአፕ ባይኖር እንኳ መሣሪያዎቹ አዲሱ ራውተር የሚሰጣቸውን ይቀበላሉና ኔትወርኩ ይነሳል፤ ሰንጠረዡ ቀስ ብሎ ይሞላል። በእጅ የተጻፈበት ቢሮ ግን ወይ አዲሱን ራውተር በአሮጌው አድራሻ ልክ መስፋት፣ ወይ ጣሪያ ላይ እስከተሰቀለው ካሜራ ድረስ እየዞሩ መለወጥ አለበት።

ሌላው ክርክር አዲስ ነው፤ ማክ አድራሻ አሁን ይለዋወጣል የሚል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለያየ የዘፈቀደ ማክ ማሳየት የተለመደ ሆኗል። ይህ የባለ ስልኩን ገመና ለመጠበቅ የተደረገ በጎ ነገር ነው፤ የኔን ሐሳብም አይነካም። ለስልክ ቋሚ አድራሻ ማን ይፈልጋል? የሚፈልጉት ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ መቅጃ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያና ሰርቨር ናቸው፤ እነሱ ማካቸውን አይቀያይሩም። ኔትወርክ ካርድ ቢቀየር የሚስተካከለው አንድ ረድፍ ነው። ለስልኮችና ለእንግዶች የሚሻለው የተለየ ኔትወርክና አጭር ሊዝ ነው። ሰው በብዛት የሚገባና የሚወጣበት ካፌ የ8 ቀን ሊዝ ይዞ በ/24 ቢሠራ፣ የትናንት ደንበኞች አድራሻዎቹን ይዘው ስለሄዱ የዛሬው ደንበኛ ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ዋይፋይ ለማስፋት በላን ወደቡ የሚሰካ ሰው በየቢሮው አይጠፋም። ያ ራውተር የራሱን አድራሻ ማደል ይጀምርና ግማሹ ቢሮ ወደማይወጣበት ጌትዌይ ይላካል። በእጅ የተጻፈላቸው መሣሪያዎች አይነኩም፣ ደጋፊዎቹም ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፤ በተጨመረው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒውን ማጥፋት፣ ስዊቹ የሚችል ከሆነ ደግሞ ያልተፈቀደ አዳይን የሚያግደውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ማብራት። ጥቂት መሣሪያዎችን ከችግሩ ማስቀረት ችግሩ እንዳይታይ ከማድረግ አያልፍም። እዚህ ላይ የኔትወርክ ምርጫም ይነሳል። ሞደሙም፣ የተጨመረው ራውተርም፣ የዳይሬክተሩ ቤትም 192.168.1.0 ሆነው ሳለ ቪፒኤን ለመዘርጋት መሞከር ልፋት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 በ10 ከሚጀምረው ክፍል ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ፈቅዷል። ለየቅርንጫፉ የራሱ ቁጥር ለመስጠት የሚያንስ ነገር የለም። አድራሻው ከራውተሩ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በስህተት የተመረጠ ኔትወርክን መለወጥ የአንድ ምሽት ሥራ ይሆናል።

የቀረው በእጅ መጻፍ የሚገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ራውተሩ፣ ዲኤችሲፒና ዲኤንኤስ የሚሰጥ ሰርቨር፣ የዊንዶውስ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ራውተሩ በጠፋ ጊዜ ገብተን የምናስተካክልባቸው ዋና ስዊቾች። የማይቀሩትን በእጅ መጻፍ ተገቢ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከፑሉ ውጪ ሆነው በራውተሩ ሰንጠረዥ ላይ በስማቸው መታየት አለባቸው። በአይፒቪ6 ደግሞ ክርክሩ ከናካቴው ይደክማል። የአይፒቪ4 ማዕከላዊ ክምችት ያለቀው በየካቲት 2011 እንደ ፈረንጆቹ ነው። በአዲሱ ሥርዓት ራውተሩ የኔትወርኩን ክፍል ያውጃል፣ መሣሪያው የራሱን ይሞላል። 128 ቢት አድራሻ በፕሪንተር ስክሪን ላይ በጣት እየነኩ መጻፍ ማንም የሚመርጠው ሥራ አይሆንም።

ይህን ያህል የምሟገተው ሥራችን ከኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚተርፍ ስለሆነ ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ድካሙ አይታይም፤ የሚታየው ሲበላሽ ነው፤ ያኔ የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ራውተሩን ከፍቶ እያንዳንዱን መሣሪያ በስሙ፣ በፎቁና በክፍሉ ተጽፎ ቢያገኘው ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ካላገኘው ሕንፃውን መዞር ይጀምራል፤ ባለቤቱም ለዚያ ሰዓት ይከፍላል። ሙያው ለኔ ያለው ትርጉም እዚህ ላይ ነው፤ የማላውቀው ሰው በኔ ምክንያት እንዳይንገላታ ማድረግ እችላለሁ፣ ስለዚህም ይገባኛል። ስለሆነም በሙያው ያላችሁ ሁሉ፣ ሥራችሁን አስረክባችሁ ከመውጣታችሁ በፊት በየሪዘርቬሽኑ ላይ የመሣሪያውን ስምና ቦታ ጻፉ፣ ሰንጠረዡን አትሙ፣ ከኮንፊገሬሽኑ ባክአፕና ከፓስወርዱ ጋር ለባለቤቱ ፈርማችሁ ስጡ።